በቁልፍ የተከፈተ በር

«አልከፍትም ብዬሃለሁ፣ አቶ ተስፋሁን።»

«እንግዲያው ልስበረው?»

«ስበረው። ከመክፈቱ መስበሩ ይሻላል።»

አቶ ተስፋሁን ሳቀ። የሚያስቅ ነገር ግን አልነበረም። ወሩ የካቲት ነው። የመጋዘኑ ቆርቆሮ በፀሐይ ግሎ ጧ ጧ ይላል። ከአዘዞ የመጡት ስምንት የግራር ቅርፊት ላጮች ጥላው ሥር ተደርድረው፣ ማን እንደሚያሸንፍ ለማየት አንዴ ወደ ነጋዴው፣ አንዴ ወደ ሽማግሌው ይዞራሉ። አያ ሰይድ በሩን በጀርባቸው ደግፈው ቆመዋል። ከበሩ ወዲያ መጥረቢያዎቹ አሉ።

«አያ ሰይድ፣ ይስሙኝ እስቲ። ዕቃው ጅቡቲ መድረስ አለበት። መርከብ የእርስዎን ዝናብ አይጠብቅም።»

«እኔም መርከብህን አልጠብቅም። በበጋ ቅርፊት ከእንጨቱ ጋር ተጣብቆ ነው የሚውል። ደብድበህ ካላላቀቅኸው አይወጣም። ከደበደብኸው ደግሞ ዛፉ ይሞታል። ስንት ጊዜ ልንገርህ?»

«ዛፍ እኮ ነው! ሰው አይደለም!»

«ዛፉማ ዛፍ ነው» አሉ አያ ሰይድ። «ቃሉ ግን የእኔ ነው።»

አቶ ተስፋሁን ወደ እኔ ዞረ። የተሞላ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቻለሁ። «አንተ ይርጋ! አንተ የተማርክ ነህ፤ ንገራቸው እንጂ!»

የተማርኩ አልነበርኩም። ትምህርቴን ያቆምኩት አሥረኛ ክፍል ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያነበብኩትን ሁሉ ያነበብኩት ተውሼ ነው። ለማንኛቸውም አላገዝኩም። ዝም ማለት ያኔም እችልበት ነበር።

ከዚያ ቀን ከዓመታት በኋላ አያ ሰይድ ሞቱ። የደወለችልኝ ልጃቸው ዘሃራ ናት። ከተቀበሩ ሳምንት አልፏቸው ነበር፤ ኔትወርክ ጠፍቶ ስለሰነበተ ቀድማ ልታገኘኝ አልቻለችም። «ስልካቸው ውስጥ ላሉት ሰዎች አንድ በአንድ እየደወልኩ ነው» አለችኝ። «የአንተን ቁጥር ስመዘግብላቸው ስሙን ማን ልበል ብዬ ጠየቅኋቸው። ገጣሚው በይው፣ እሱ ይበቃዋል አሉኝ።»

ምን ብዬ እንዳጽናናኋት አላስታውስም። ስልኩን ስዘጋ ሌላው እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ከቁልፎቼ መካከል ምንም የማይከፍተውን አንዱን ጨብጬ። ከቀይ ጠፍር ጋር የታሰረ ቁልፍ ነው። ስለ እሳቸው መጻፍ ስፈልግ ሁልጊዜ ከዚያ ቁልፍ ጋር እጋጫለሁ፤ ለዚህ ነው እስከ ዛሬ ያልጻፍኩት።

አጭር ሰው ነበሩ፤ ክንዳቸው ግን ረጅም ነው። ከጣታቸው ጫፍ እስከ ክርናቸው ድረስ ቆዳቸው የተቀቀለ ቅርፊት ውሃ ቀለም ይዟል፤ ቀይ ነው ወይስ ቡኒ፣ ለመወሰን ያስቸግራል። በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት ይታጠባሉ፤ ቀለሙ ንቅንቅ አይልም። የተወለዱት ጎንደር፣ አዲስ ዓለም ነው። አባታቸው ከቤታቸው ጓሮ ጉድጓድ ቆፍረው፣ የግራር ቅርፊት ወቅጠው፣ ዘፍዝፈው፣ በቀዩ ውሃ ቆዳ ያለፉ ነበር። «ፋቂ እየተባልን ነው ያደግን» አሉኝ አንድ ቀን፣ ሳይከፋቸው። «የሰደበን ሁሉ ግን የእኛን ጫማ አጥልቆ ነው የሚሄድ። ሲራገምም ሲመርቅም እግሩ እኛ ዘንድ ነው።»

እሳቸው የያዙት የሙያውን ሌላ ጫፍ ነው። ቆዳውን ለወንድሞቻቸው ትተው ቅርፊቱን ያዙ። የትኛው ዛፍ ደርሷል፣ የትኛው ገና ነው፣ ከየትኛው ጎን ይላጣል፣ ይህን የሚያውቅ ሰው በአካባቢው ሌላ አልቀረም። አቶ ተስፋሁን የግራር ቅርፊት የሚገዛ የውጭ አገር ሰው ሲያገኝ ፈልጎ ያመጣው እሳቸውን ነው። እኔን ደግሞ ጆንያ ላይ ምልክት እንድጽፍ ቀጠረኝ።

ከትክል ድንጋይ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው በዚያ መንደር በደረስኩበት ቀን አያ ሰይድ ከግንድ ላይ የቅርፊት ቁራጭ ፈልፍለው ሰጡኝ።

«አኝከው።»

አኘክሁ።

«ምን አለህ?»

«መረረኝ።»

«መምረር አይደለም። ምላስህን ምን አደረገው?»

ትንሽ አሰብኩ። «ጨመደደው።»

«ይኸውልህ! ቆዳንም እንዲሁ ነው የሚያደርገው። ውሃ እንዳይገባው ጨምድዶ ይይዘዋል። መረረኝ ብለህ ጽፈህ ቢሆን ዋሽተህ ነበር።»

ማንም መምህር ስለ ቃል እንደዚያ ነግሮኝ አያውቅም። አያ ሰይድ ራሳቸው ፊደል አልቆጠሩም።

አላላጣቸውን አሁንም ዓይኔን ስጨፍን አየዋለሁ። ከትከሻቸው ላይ ሲባጎ ያወርዳሉ። ግንዱን አንድ ጊዜ ይዞሩበታል። ሲባጎውን ሁለት ያጥፉታል፤ እንደገና ያጥፉታል። አንዱን እጥፋት ግንዱ ላይ ለክተው በከሰል ግራና ቀኝ ይሰምራሉ። «ይህች የእኛ ናት» ይላሉ። «ሦስቱ የእሱ ነው፤ ዙሪያውን ከላጥኸው ይሞታል።» ከጉልበት በታች አይነኩም፤ ከደረት በላይ አይወጡም። ቅርፊቱ በመስከረም ርጥብ ስለሆነ ጫፉን በመጥረቢያ ከፍተው በጠፍጣፋ ብረት ሲገፉት እንደ እርጥብ ወረቀት ይላቀቃል። ከዚያ የተላጠውን ቦታ እበትና ጭቃ ለውሰው በእጃቸው ይለስኑታል። ወደዚያው ዛፍ የሚመለሱት ሦስት ክረምት ካለፈ በኋላ ነው።

«ምነው አያ ሰይድ፣ ጋቢም እናልብሰው እንዴ?» ብሎ ማሩ አሾፈባቸው አንድ ጊዜ። ማሩ የላጮቹ አለቃ ነው፣ ትልቅ ጉልበት ያለው የአዘዞ ሰው።

«ካለህ አምጣ። ያንተ ጋቢ ግን ያሳክከዋል።»

ላጮቹ ሳቁ። ማሩም ሳቀ። በማግስቱ ጭቃውን ሲለስን ያየሁት ግን እሱን ነው።

ግጥም እንደምጽፍ ያወቁት ጆንያ ላይ ከሚያስፈልገው በላይ ስጽፍ አይተው ነው። «አንብብልኝ» አሉኝ። ስለ አንዲት ልጅ የጻፍኩትን አነበብኩላቸው፤ የምኮራበት እሱ ነበር። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«ሸጋ ነው» አሉ። ዓይናቸውን ገለጡ። ከዚያ «ዙሪያውን ልጠኸዋል እንጂ» አሉ።

«ማለት?»

«ልጅቷ ሄደች። ተከፋሁ አልህ፣ አለቀስኩ አልህ፣ ልቤ ተሰበረ አልህ። እሺ። ጨረቃዋ ደግሞ ምን ቤት ናትና ታለቅሳለች? ለእኔ ምን ተውህልኝ? ትንሽ ልከፋ እንጂ እኔም!»

ሁለት ቀን አኮረፍኳቸው። በሦስተኛው ቀን ጨረቃዋን ሰረዝኳት። ግጥሙ ዳነ።

አሁን ወደ በሩ ልመለስ።

ግራሮቹ ከመንደሩ ምንጭ በላይ፣ ዳገቱ ላይ ነው ያሉት። ሰውም ከብትም የሚጠጣው ከዚያ ምንጭ ነው፤ ዛፎቹ ከደረቁ ምንጩ እንደማይቆይ በአገሩ ሕፃን ልጅም ያውቃል። አቶ ተስፋሁን መጀመሪያ ቅርፊት ሲጠይቅ ሽማግሌዎቹ እንቢ አሉት። ያኔ አያ ሰይድ ከመካከል ተነሡ። «እኔ ዋስ ነኝ» አሉ። «አንድ ዛፍ ቢደርቅ እኔን ያዙኝ።»

የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ አያ ፈንቴ ይባላሉ፤ ቀጭን፣ ቶሎ የማይስቁ ሰው ናቸው። «ቤትህ ጎንደር ነው» አሏቸው። «ዛፉ ሲደርቅ የት እናገኝሃለን?»

«እዚሁ። ልጠን እስክንጨርስ እዚሁ አድራለሁ። መጥረቢያውም ከእኔ ዘንድ ያድራል።»

በዚያ አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለክልክል ሣር ማጭዱ በጠባቂው ቤት እንደሚያድር ሁሉ፣ ለዛፍም መጥረቢያው በዋሱ ቤት ያድራል። ላጮቹ የራሳቸውን መጥረቢያ ይዘው አይመጡም። ጧት ዋሱ በሩን በራሱ ቁልፍ ይከፍታል፤ ማታ ይቆልፋል። መጥረቢያ ከዚያ በር ከወጣ ዋሱ ፈቅዷል ማለት ነው። ማንም ሌላ ጥያቄ አይጠይቅም፤ ሊጠይቅም ነውር ነው። በዋሱ ቃል ላይ ቃል መጨመር ይሆንበታላ።

የመጋዘኑ በር ማጠፊያው ረግቦ መሬት ይልሳል። ሌሎቻችን ስንዘጋው እየጎተትን፣ እያንገጫገጭን ነው። አያ ሰይድ ብቻ በአንድ እጃቸው ትንሽ ከፍ አድርገው ይገፉታል፤ ድምፅ ሳያሰማ ይገጥማል። ቁልፉን በገዛ እጃቸው አልፍተው በሠሩት ቀይ ጠፍር አስረው አንገታቸው ላይ ያደርጉታል።

የመስከረሙ ሥራ ደህና አለቀ። አንድም ዛፍ አልደረቀም። የካቲት ላይ ነው ነጋዴው ሁለተኛ ትእዛዝ ይዞ፣ ሁላችንንም መልሶ ሰብስቦ የመጣውና ያ ጭቅጭቅ የተነሣው። ያን ዕለት በሩን አልሰበረም። መኪናውን አስነሥቶ አቧራውን ትቶልን ሄደ።

በአራተኛው ቀን የአያ ሰይድ እህት አምባ ጊዮርጊስ ላይ ሞቱ።

ጧት ነው፤ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ወደ እኔ መጡ። ጠፍሩን ከአንገታቸው አውልቀው በእኔ አንገት ላይ አጠለቁት። ከሰውነታቸው የተነሣ ይሞቅ ነበር።

«ሁለት ቀን ነው። ማንም ቢመጣ፣ ምንም ቢልህ...»

«አውቃለሁ፣ አያ ሰይድ።»

«ታውቃለህማ! ለዚህ እኮ ነው ለአንተ የምሰጥህ። ማሩ ጉልበት አለው። አንተ ግን ቃል ትመርጣለህ።»

ሁለት ቀን ያሉት ከጎንደር ወደ አምባ ጊዮርጊስ የሚወስደው መንገድ ሳይዘጋ ነበር። እሳቸው ካለፉበት በኋላ ተዘጋ። ኔትወርክም አብሮ ጠፋ። በሦስተኛው ቀን አቶ ተስፋሁን መጣ። ከጎንደር ወደ እኛ የሚመጣው መንገድ ክፍት ነበር።

አልጮኸም። ያ ነው ያስፈራኝ። አጠገቤ፣ ጆንያው ላይ ቁጭ አለ። ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል፤ ሲጋራ ለኮሰ። ለዚያ ጭነት ቤቱን አስይዞ እንደነበር በኋላ ሰምቻለሁ። ክፉ ሰው ነው ብዬ ብጽፍ ይቀለኝ ነበር።

«ያ ደብተርህ ስንት ገጽ ሆነ?» አለኝ።

«ሰማንያ ሁለት።»

«መጽሐፍ ይወጣዋል። ማተሚያ ቤት ያለው አማች አለኝ። ሽፋኑን በቀለም እናደርገዋለን፣ ስምህ ጎላ ብሎ። ይርጋ፣ እዚህ ጆንያ ላይ ስትጽፍ ልታረጅ ነው እንዴ?»

አንገቴ ላይ ያለውን ጠፍር ያዝኩ።

«አያ ሰይድን ደግሞ ትናንት በስልክ አግኝቻቸዋለሁ። ካስፈለገ ይከፈት ብለውኛል።»

ኔትወርክ አልነበረም። ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነው። እኔ አውቃለሁ፤ እሱም እንደማውቅ ያውቃል። ውሸቱን የነገረኝ እንዳምነው አይደለም፤ በኋላ የምይዘው ሰበብ እንዲኖረኝ ነው።

«ካልሰጠኸኝ እሰብረዋለሁ» አለ። «ስሰብረው መንደሩ ይወጣል። ጠብ ይሆናል። ደም ትፈልጋለህ?»

አያ ሰይድ «ከመክፈቱ መስበሩ ይሻላል» ያሉት ለምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። የተሰበረ በር ይጮኻል። መንደሩ ወጥቶ ያስቆማል፤ ዋሱም ነፃ ነው። በቁልፍ የተከፈተ በር ግን በዋሱ አፍ ይናገራል።

ይህ ሁሉ ገብቶኝ ነው ጠፍሩን ከአንገቴ ያወለቅሁት። ፈርቼ ሰጠሁት ብዬ ለብዙ ጊዜ ለራሴ ነግሬዋለሁ። አልፈራሁም። ቁልፉን ስዘረጋለት የማስበው የሽፋኑ ቀለም ምን ቢሆን እንደሚያምር ነበር።

ላጮቹ ዳገቱ ላይ ወጡ። ደረቁ ቅርፊት አልላቀቅ ሲላቸው በመጥረቢያው ጀርባ ግንዱን ይደበድቡት ጀመር። ድምፁ ከወዲያኛው ሸንተረር እየተመለሰ ይመጣል። ሴቶች ከምንጩ እንስራቸውን ይዘው ቀና አሉ። ትንሽ ቆይቶ አያ ፈንቴ በትራቸውን ይዘው መጡ። ወደ ዛፎቹ አልሄዱም፤ በቀጥታ ወደ መጋዘኑ መጡ። ቁልፉን አዩት፤ በሩ ላይ፣ ከነጠፍሩ ተንጠልጥሏል። ጓጉንቸሩን በጣታቸው ዳሰሱት። አልተሰበረም።

«ሰይድ ፈቀደ?» አሉኝ።

አዎ ብል ውሸታም እሆናለሁ። አልፈቀዱም ብል ነገሩ በጨዋታ አይቀርም። ቃል እመርጣለሁ አይደል? መረጥኩ።

«በሩ ያው ተከፍቷል፣ አያ ፈንቴ።»

በሩን አዩት፤ እኔን አዩኝ። «ሰይድ ካለ እንግዲህ...» ብለው ተመለሱ። ከኋላቸው የተሰበሰበውንም ሰው ይዘው ተመለሱ። መንደሩ ያን ሁለት ቀን ያን ድብደባ እየሰማ ዝም ያለው አያ ሰይድን አምኖ ነው።

ሲባጎ የለካው አልነበረም። ዙሪያውን ነው የላጡት፣ ከእግሩ ጀምሮ እጃቸው እስከ ደረሰበት። አሥራ ዘጠኝ ዛፍ። ማሩ በሁለተኛው ቀን መጥረቢያውን አስቀምጦ አጠገቤ መጣ። «ይርጋ፣ አያ ሰይድ ይህን አላሉም አይደል?» አለኝ። ሳልመልስለት ስቀር «ምነው ዝም አልህ?» አለኝ። ከዚያ መጥረቢያውን አነሣ፤ ቀን ሠራተኛ ነው። የጭነት መኪናው ቅርፊቱን ጭኖ ሄደ።

አያ ሰይድ በስድስተኛው ቀን ቀትር ላይ ደረሱ። የመንገዱን እኩሌታ በእግራቸው ነው የመጡት፤ ጫማቸው ነጭ ሆኗል። ከሩቅ ዳገቱን ሲያዩ ቆሙ። የተላጡት ግንዶች ፀሐይ ላይ ቆዳው የተገፈፈ ሥጋ ይመስላሉ። ቦርሳቸውን ቀስ አድርገው መሬት ላይ አስቀመጡ። ከዚያ አንገቴን አዩ። ባዶ ነው። ከዚያ በሩን አዩ።

ማን? አላሉም። ለምን? አላሉም። ቁልፉን ከበሩ ነቅለው፣ ጠፍሩን አንገታቸው ላይ መልሰው አጥልቀው ወደ ዛፎቹ ወጡ።

አንድ በአንድ በእጃቸው ዞሯቸው፣ ጨለማ ቤት ውስጥ ግድግዳ እንደሚዳስስ ሰው። በአራቱ ላይ፣ ላጮቹ ቸኩለው የሳቱት ጣት የምታህል ቅርፊት ከላይ እስከ ታች ቀርታለች። እሷን ሲያገኙ ድምፃቸው ተመለሰ። «እበት! ውሃ! ምን ትገተራለህ፣ ሩጥ!»

ሮጥኩ። ማሩም ሮጠ። ያን ቀንና በማግስቱ ለሰንን፣ በጆንያ ጠቀለልን፣ በሲባጎ አሰርን። ሶላት ሲደርስ እበቱን ከእጃቸው ታጥበው ይሰግዳሉ፤ ተመልሰው እጃቸውን እበቱ ውስጥ ይከታሉ። ጎን ለጎን ተንበርክከን ጭቃ ስንቀባ ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትሁ።

«አያ ሰይድ፣ እኔ...»

«ከዚህ በኩል ሳስቷል። ጨምርበት።»

በሦስተኛው ጊዜ ጭቃውን ከእጄ ወስደው ራሳቸው ለሰኑት። ከእነዚያ አራት ዛፎች ሦስቱ ዛሬም ቆመዋል። አሥራ ስድስቱ በክረምቱ ቅጠል አላወጡም።

ለስነን በጨረስን ማግስት ሽማግሌዎቹ የተሰበሰቡት መጋዘኑ ውስጥ ነው። አያ ሰይድ እዚያ ይሁን ብለው ነው። መጥረቢያዎቹ ግድግዳው ሥር ተደርድረዋል፤ አምስቱ ሽማግሌዎች ባዶ ጆንያ አነጥፈው ተቀመጡ። ማሩ በሩ አጠገብ ቆመ። እኔ ጥግ ላይ፣ እንደ ልማዴ ደብተሬን ይዤ። አቶ ተስፋሁን አልመጣም።

አያ ሰይድ ድንጋይ ተሸክመው ገቡ። ከምንጩ ያነሡት ትልቅ ድንጋይ ነው፣ ማጅራታቸው ላይ፤ በረጅም ክንዳቸው ከኋላ ይዘውታል። ጎንበስ ብለው ከሽማግሌዎቹ ፊት ቆሙ።

«አውርደው፣ ሰይድ» አሉ አያ ፈንቴ። «ሸምግለሃል።»

«ሳትጠይቁኝ አላወርድም።»

አያ ፈንቴ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። «እሺ። በሩ ተሰብሯል?»

«አልተሰበረም።»

«በምን ተከፈተ?»

«በቁልፍ።»

«ቁልፉ የማን ነው?»

«የእኔ።»

«አንተ አምባ ጊዮርጊስ ለቅሶ ላይ ነበርህ። ይህን እናውቃለን። ይህ ልጅ እዚህ ነበር።» አያ ፈንቴ ወደ እኔ ዞሩ፤ አራቱም አብረው ዞሩ። «ጠይቄው በሩ ተከፍቷል ነው ያለኝ። አሁን ይናገር።»

ማሩ ከበሩ አጠገብ በዓይኑ ይገፋኛል። አፌ ያን ቅርፊት እንዳኘክሁበት ቀን ተጨማድዷል።

«ልጁ ዋስ አይደለም» አሉ አያ ሰይድ፣ ከድንጋዩ ሥር። «ቃል የሰጠኋችሁ እኔ ነኝ። አንድ ዛፍ ቢደርቅ እኔን ያዙኝ ብያለሁ። ይዛችሁኛል። ሌላ ምን ትሻላችሁ?»

«ቁልፉን ማን እንደሰጠ...»

«የሰጠሁት እኔ ነኝ። ለማን እንደሚሰጥ ያላወቅሁ እኔ ነኝ።»

ሽማግሌዎቹ ተጠጋግተው አንሾካሾኩ። ላብ ከአያ ሰይድ አገጭ መሬቱ ላይ ጠብ ጠብ ይላል፤ ድንጋዩ ወደ አንድ ጎን አዘመመ። ተነሥቼ ድንጋዩን ልይዝላቸው እችል ነበር። ሁለት እርምጃ ነው።

በመጨረሻ አያ ፈንቴና ሌላው ሽማግሌ ተነሥተው ድንጋዩን አወረዱላቸው። «ይቅር ብለንሃል፣ ሰይድ። እግዜርም ይቅር ይበልህ። ቂም የለንም» አሉ አያ ፈንቴ። «ቃልህን ግን ልንመልስልህ አንችልም። ከእንግዲህ በዚህ አገር ለሰርግም ይሁን ለከብት፣ ለዛፍም ይሁን ለሰው፣ ዋስ አትሆንም። ሰይድ አለ ብሎ የሚያምን አይኖርም።»

አያ ሰይድ ቀስ ብለው ቀና አሉ። ማጅራታቸው ላይ ድንጋዩ የተኛበት ቦታ ቀልቷል። በፊታቸው ላይ ያየሁትን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ሞክሬ ሁልጊዜ ዙሪያውን ስለምልጠው እተወዋለሁ።

ቦርሳቸው በሩ አጠገብ ተዘጋጅቶ ነበር። ወደ እሱ አልሄዱም። ወደ እኔ መጡ። ጠፍሩን ከአንገታቸው አወለቁና ቁልፉን ደብተሬ ላይ፣ በተከፈተው ገጽ ላይ አስቀመጡት።

«አያ ሰይድ...» አልኩ። በዚህ ጊዜ ልናገር ነበር። እምላለሁ፣ ልናገር ነበር።

«መጽሐፉ መቼ ነው የሚወጣ?» አሉኝ።

ማን እንደነገራቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። በቁጣ አልነበረም የጠየቁኝ፤ ዝናቡ መቼ ይገባል እንደማለት ነው። ሽማግሌዎቹ አልገባቸውም። ማሩ መሬት አየ።

«ሲወጣ ለዘሃራ ላክላት» አሉ። «እሷ ታነብልኛለች።»

ቦርሳቸውን አነሡ። ጎንበስ ብለው ወጡ። በሩን በአንድ እጃቸው ከፍ አድርገው፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ ከኋላቸው ዘጉት።